ዐሥር ብልቃጥ

የመድኃኒት ማከማቻው ኃላፊ ከሞተ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ሥራ ላይ ነበር። ክንዶቹን ጠረጴዛው ላይ አነባብሮ፣ ግንባሩን ክንዱ ላይ ጥሎ ማሸለብ የቆየ ልማዱ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ሦስት ሰዎች በየተራ ገብተው የመጠየቂያ ቅጻቸውን ከጎኑ አስቀምጠው፣ እንዳይቀሰቅሱት በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወጡ። አንዷ እንዲያውም ብርድ እንዳይመታው መስኮቱን ዘጋችለት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዋናዋ ሲስተር ትዕግሥቷ አልቆ ትከሻውን ነቀነቀችው። ክንዱ ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ተንጠለጠለ። ሸሚዙ ሲገለጥ ትከሻው ላይ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ተገኘች። የትግል ምልክት የለም። ወጊው ማንም ይሁን ማን፣ የሟቹን ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፎለት ነው የሄደው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፖሊስ የሠራተኞቹን ሎከሮች ፈተሸ። ከአንዲት ወጣት ነርስ ሎከር ዐሥር ብልቃጥ ማደንዘዣ ወጣ፤ ያለ ፈቃድ መያዙ በሕግ የሚያስከስስ ዓይነት። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነርሷ እጇ በካቴና ታስሮ በሆስፒታሉ በር ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ተከላካይ ጠበቃዋ ጣቢያ ደረሰች። ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ተጠርጣሪ መንግሥት በነፃ ከሚያቆማቸው አንዷ ናት። የመታወቂያ ስም አላት፤ ግን «ለምን?» ማለት ስለምታበዛ ከችሎት ጸሐፊ እስከ ዳኛ «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት። ስድሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ የመነጽሯ አንድ ጆሮ በክር ታስሯል። መርማሪዎች ከሩቅ ሲያዩአት ሻይ የመጠጣት ፍላጎት ያድርባቸዋል።

በጣቢያው በር የነርሷ እናት አዲስ እስክሪብቶ ጨብጣ ቆማ ነበር። ጠበቃዋ አይታት አለፈች።

ነርሷ በማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አንድ ወረቀት እያገላበጠች ታያለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አጎቴ ያመጣው ነው። “ለራሴ ነው የያዝኩት” ብዬ ከፈረምኩ ክሱ ይቀላል ብሎኛል። እማም ይኸው ከጠዋት ጀምሮ “ፈርሚና እንገላገል” ትለኛለች።»

ጠበቃዋ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች፦ «... ዐሥሩን ብልቃጥ ለራሴ መጠቀሚያ ከሳምንት በፊት ወስጄ፣ እስከተያዝኩበት ቀን ድረስ ሎከሬ ውስጥ አስቀምጬ ...»

«ጽሑፉ ያምራል። አጎትሽ ምንድን ነው?»

«እዚያው ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ። የእናቴ ወንድም ነው። ሥራውን ያስገባኝ እሱ፣ የምኖረውም እሱ ቤት።»

«ለፖሊስ እስካሁን ምን ተናገርሽ?»

«ምንም። እንባዬ አላስወራ አለኝ።»

«ጎሽ። እኔ የምመክርሽን እንባሽ ቀድሞ መክሮሻል።» አጠገቧ ቁጭ አለች። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ይህን ክስ ሲያቀርቡብሽ ሦስት ነገር ማስረዳት አለባቸው። ዕቃው በአንቺ ቁጥጥር ሥር ነበር ወይ? መኖሩን ታውቂ ነበር ወይ? የያዝሽው ለራስሽ ነው ወይስ ለማዘዋወር? ሰው ሁሉ የሚፈራው ሦስተኛውን ነው፣ ረጅሙ እስር ያለው እዚያ ስለሆነ። ይህ ወረቀት ሦስተኛውን ያቀልልሻል፤ ግን አንደኛውንና ሁለተኛውን በገዛ እጅሽ ታስረክቢያለሽ።»

«ብቀጣም ትንሽ ነው ብሎኛል እኮ።»

«ሰረቅኩ ካልሽ በኋላ ዐቃቤ ሕጉ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሌብነቱን ሊያውቅ የሚችለው ማነው? የማከማቻው ኃላፊ። እሱስ የት አለ?»

«ሬሳ ክፍል» አለች ነርሷ።

«ስምንት ሰዓት ላይ ችሎት ትቀርቢያለሽ። እስከዚያ እስክሪብቶ እንዳትነኪ። ለጠየቀሽ ሁሉ “ጠበቃዬ ባለችበት” በይ። አሁን ንገሪኝ፤ ትናንት ሟቹን አይተሽው ነበር?»

«ሁለት ሰዓት ከዐሥር ላይ ጓንት ልወስድ ገብቼ ነበር። አንገቱን እያሸ “ሲስተር ወይ አጎትሽ መጥተው ይውጉኝ” አለኝ። ሲያመው ማስታገሻ ይወጉታል። ለሁለቱም ነገርኩና ወደ ቃጠሎ ሕሙማን ክፍል ገባሁ። እስከ ፍተሻው አልወጣሁም። በሽተኛዬን ፋሻው ግማሽ ላይ ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«የሎከርሽ ቁልፍ?»

«አንዱ እኔ ጋ፣ ሌላው ቤት ነው። ጥበቃው ደግሞ የሁላችንም አለው።»

መርማሪው ቅንና ቸኳይ ሰው ነው። ፋይሉን ገና ሳትጠይቀው ዘረጋው።

«ያለቀ ነገር ነው እትዬ። ከልጅቷ ሎከር ዐሥር ወጣ። ሟቹም ጠዋት ለማደንዘዣ ባለሙያው “ከፍሪጄ ዐሥር ጎድሎብኛል” ብሎት ነበር። ምስኪን፣ ይህን ሲነግረኝ እያለቀሰ ነው፤ የእህቱ ልጅ ናት።»

«ፍሪጁን ቆጠራችሁት?»

«ባለሙያ እየነገረን?»

ጠበቃዋ የኤግዚቢቱን ፖስታ አነሣች። በእስክሪብቶ የተጻፈው ቁጥር ፈስሶ ሰማያዊ ኩሬ ሠርቷል። «ማን አለቀሰበት?»

መርማሪው አፈረ። «ብልቃጦቹ አልቧቸው ነበር። በመሐረቤ ጠርጌ ብከታቸውም ፖስታውን አበላሹት። የልብስ መቀየሪያው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ እንደ ምድጃ ይግላል። እኔም አልቦኝ ነበር።»

«የእርስዎስ ይገባኛል» አለችው። «ሎከር ይፈተሽ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ማከማቻው በር ላይ ለተሰበሰቡት “ሎከርም፣ ቦርሳም፣ ሣጥንም ይፈተሻል” አልኩ። ባለሎከሮቹ ከየክፍላቸው እስኪጠሩ ሩብ ሰዓት ፈጀብን።»

«ፍሪጁን ያስቆጥሩልኝ። ብልቃጦቹ ላይ የታተመውንም ቁጥር ከማከማቻው ካርድ ጋር ያስተያዩልኝ።»

«ለምን?» አለና ማንን እንደጠየቀ ትዝ ሲለው ኮፍያውን አነሣ።

የሆስፒታሉ ጥበቃ የቁልፍ ዘለላው ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ ሲራመድ እንደ በቅሎ ይንሿሿል።

«ሟቹን እወደው ነበር አልልም» አላት። «እሱ ሲተኛ ማንም አይናገረውም፤ እኔን አንድ ቀን ዓይኔ ቢከደንብኝ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ግን ሬሳው ከተገኘ ጀምሮ እስከ ፍተሻው እኔና ሲስተር ከማከማቻው በር ንቅንቅ አላልንም። ሽንቴን ይዤ ነው የቆምኩት። እሷንም ይጠይቋት።»

«ቁልፎቹስ?»

«ይኸው ከወገቤ መቼ ወርደው ያውቃሉ። ብሰጥ ኖሮ ይሰማ ነበር።»

ዋናዋ ሲስተር በሻይ ክፍሉ ተቀበለቻት። «ቀዝቃዛ ውኃ ብሰጥዎት ደስ ባለኝ፤ ይህ ፍሪጅ ከሞተ ሁለት ሳምንቱ ነው። ወተት ባስቀምጥ እርጎ ሆኖ ጠበቀኝ።»

«ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«በጓንት። ከኪሱ የሚያወጣ ይመስል አንድ ካርቶን ሲሰጠኝ ያዛጋ ነበር። ትናንትም ይምጡና ይውጉኝ ብሎ ሲልክብኝ አልሄድኩም። ሰሞኑን ጭራሽ ነጭናጫ ሆኖ ነበር። የቀዶ ሕክምናው ክፍል ቀለም ሲቀባ ሳምንቱን ሙሉ ዝግ አልነበር? “ታዲያ ማደንዘዣውን የሚጨርሰው ማነው፣ ግድግዳውን ነው እንዴ የሚያደነዝዙት?” እያለ ብቻውን ያወራ ነበር።»

የማደንዘዣ ባለሙያው ትሑት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ጠበቃዋን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣላት። ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ነበር።

«ፈረመችልኝ?»

«እያሰበችበት ነው። ትናንት ወደ ሟቹ ገብተው ነበር?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። ተኝቶ አገኘሁት፤ አሳዘነኝ፣ ሳልቀሰቅሰው ተመለስኩ።»

«ሣጥኑ ከእርስዎ አይለይም?»

«ማደንዘዣው ሙቀት አይችልም እትዬ። እኔ ምሳዬን ብረሳ እሱን አልረሳም።»

«ሞቃት ቦታ አንድ ሳምንት ቢቆይስ?»

«ሳምንት?» ፈገግ አለ፤ በሙያው የሚኮራ ሰው ፈገግታ። «በሁለት ቀኑ ውኃ ነው። የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም።»

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም በልብስ መቀየሪያው ክፍል ተሰበሰቡ። መርማሪው ነርሷን አስመጥቶ ከሎከሯ አጠገብ አቆማት። ጥበቃው በሩ ላይ፣ ሲስተር አግዳሚው ላይ፤ አጎትየው የእህቱን ልጅ ትከሻ በእጁ ይዞ። ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል። የችሎቱ ሰዓት ስለተቃረበ መርማሪው በየደቂቃው የእጅ ሰዓቱን ያያል።

«ከሣጥንዎ አንድ ብልቃጥ ይሰጡኛል?» አለች ጠበቃዋ።

አጎትየው አመነታ፤ ሰጣት። እሷም አግዳሚው ላይ አቆመችው። ወዲያው መስታወቱ ጭጋግ ለበሰ፤ ከዚያ ጠብታዎች ቁልቁል መውረድ ጀመሩ።

«አላበው» አለ ጥበቃው።

«አዎ። ከቀዝቃዛ ቦታ ወጥቶ ሙቀት ያገኘ ብርጭቆ ሁሉ ያልበዋል። እስኪደርቅ እናውራ።» መነጽሯን አስተካከለች። «ትናንት መርማሪው ከዚህ ሎከር ያወጧቸው ዐሥሩም አልቧቸው ነበር። ፖስታው ምስክር ነው። ልጅቷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከዐሥር ላይ ሰርቃ ከደበቀቻቸው፣ ከሦስት ሰዓት በላይ እዚህ ምድጃ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ያኔ ትኩስ እንጂ እርጥብ አይሆኑም።»

ጎንበስ ብላ ብልቃጡን አየችው። ጠብታዎቹ መሳሳት ጀምረዋል።

«ስለዚህ የገቡት ፍተሻው ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። ያን ሰዓት ልጅቷ በሽተኛዋ ጋ ነበረች። ከየትኛው ቅዝቃዜ መጡ? ከማከማቻው ፍሪጅ እንዳይባል፣ ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ሁለቱም ሟቹን አይወዱም፣ እርስ በርስም ብዙ አይዋደዱም፤ ግን አንዱ ለሌላው ይመሰክራል። የሻይ ክፍሉ ፍሪጅ ወተት ያረጋል። የቀረው ቀዝቃዛ ነገር አንድ ነው።»

ሁሉም ወደ ሰማያዊው ሣጥን ዞሩ። አጎትየው እጁን ከነርሷ ትከሻ አላነሣም።

«መርማሪው “ሣጥንም ይፈተሻል” ሲሉ የሣጥኑ ባለቤት ሩብ ሰዓት ብቻ ነበረው። የሎከሩ ቁልፍ ደግሞ ከልጅቷ ሌላ ያለው ወይ ጥበቃው ጋ ነው፣ ወይ እሷ የምትኖርበት የአጎቷ ቤት። ጥበቃው በር ላይ ነው። ፍሪጁስ ጌታዬ?»

«ተቆጠረ» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ። «አንድም አልጎደለም። የዐሥሩ ብልቃጦች ቁጥር ለቀዶ ሕክምና ክፍል ወጪ ከተደረገው ጋር ነው የሚገጥመው። ወጪ የተደረገውም ቀለም ሲቀባ በነበረው ሳምንት ነው።»

«በሕይወት ላለ በሽተኛ ሳይሆን ለግድግዳ። ኃላፊው ይህን ደርሶበታል። አንገቱን ሲያመው የለመደውን ሰው አስጠራ፣ ሸሚዙን ራሱ ገለጠለት። ማስታገሻ ነው ብሎ የተወጋው ሌላ ነበር። ከዚያም ይህ ወረቀት መጣ።» ያልተፈረመውን ወረቀት ወደ አጎትየው ዘረጋችው። «ሳምንት ሙሉ ሎከር ውስጥ ነበር ይላል። የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ይህን ዛሬ ጠዋት ራስዎ ነግረውኛል። ስርቆቱ ከሞቱ ቀን እንዲርቅ ብለው ጻፉት። ውኃ የሆነ መድኃኒት ለምን ትደብቃለች? ለምን ትገድላለች?»

አግዳሚው ላይ ያለው ብልቃጥ ደርቆ ነበር። ከሥሩ ክብ የውኃ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ነርሷ ትከሻዋን ከእጁ ሥር አወጣች። «አጎቴ» አለችው፤ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አይበልጥም። «ለምን እኔን?»

አጎትየው ሣጥኑን ከትከሻው አወረደና፣ እንዳይሞቅ ይመስል፣ በጥንቃቄ ክዳኑን ገጠመ።

«የሌላ ሰው ቁልፍ አልነበረኝማ።»

ሲስተር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አጎትየው ገና ሊቀጥል ነበር፤ «እሱም ዝም ቢል ኖሮ እኮ ...» ሲል ጠበቃዋ እጇን አነሣች።

«ይብቃዎት። ከዚህ በኋላ አንድ ቃል አይናገሩ። ምንም አይፈርሙ። ጠበቃ እፈልጋለሁ ይበሉ።»

«እትዬ!» አለ መርማሪው። «ሊያምንልኝ እኮ ነበር።»

«ለዚህ ነው።»

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን እንደማይቀጥል ለችሎቱ አስታወቀ። ነርሷ ካቴናዋ ተፈቶ ስትወጣ እናቷ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሥር ነበረች፤ እስክሪብቶው አሁንም እጇ ላይ ነው።

«ፈረምሽ?»

«አልፈረምኩም፣ እማ።»

እናት በልጇ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ግቢው ውስጥ ሁለት ፖሊሶች ወንድሟን ይዘውት ያልፋሉ። ካቴናው ያው ነው፤ ለእሱ እንዲሰፋ አንድ ጥርስ ላላ ተደርጓል። ነርሷ እናቷ ጆሮ ላይ ተጠግታ ጥቂት ቃላት ተናገረች። ሴትዮዋ አንዴ ልጇን አንዴ ወንድሟን አየች።

«እርስዎ» አለች በመጨረሻ ወደ ጠበቃዋ ዞራ። «ለሱም ይቆሙለታል?»

«እኔ አልችልም፤ በእሱ ላይ ምስክር እሆናለሁ። ጽሕፈት ቤታችን ግን ሌላ ሰው ይመድባል። ጎበዝ ልጅ አለን።»

«ብዙ ይፈርዱበታል?»

ጠበቃዋ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያልመለሰችው ጥያቄ ነው። ከማስታወሻ ደብተሯ አንድ ቅጠል ቀደደችና እጇን ዘረጋች። እናትየው እስክሪብቶውን ሰጠቻት። ጠበቃዋ የጽሕፈት ቤቱን አድራሻና የቢሮውን ቁጥር ጻፈች፤ ከሥሩ «ከዐሥር ሰዓት በፊት ይድረሱ» ብላ ጨመረችበት። ቀለሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን አየር ላይ ካወዛወዘችው በኋላ ሰጠቻት።