አልመጣም ያለው ዘፈን

ይህን ከራሴ ፈጥሬው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ... ግን የሆነ ነገር ነው። ድርቤ ራሷ ነግራኛለች።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ የድርቤ ፀጉር ቤት።

የጨርቅ ነጋዴው የኑረዲን ልጅ አዚዛ ሙሽራ ናት። ከሦስት ሚዜዎቿ ጋር ፀጉሯን ልትሠራ መጥታለች። መጋረጃው ተጋርዷል፤ ቤቱ ውስጥ ሴት ብቻ ነው። ሳቅ በሳቅ ሆነዋል።

ሬዲዮው ያንን የድሮ የፍቅር ዘፈን ጀመረ።

ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ያለ እሱ ሠርግ አይደምቅም።

ለድርቤ ግን ከዚያም በላይ ነው። ባሏ ጉሉማ በሠርጋቸው ዕለት ጆሮዋ ሥር ያንጎራጎረላት እሱን ነው። ጉሉማ ከሦስት ዓመት በፊት፣ አገሩ በታወከ ጊዜ፣ እናቱን ላምጣ ብሎ ወደ ጊዳ አያና ሄደ።

አልተመለሰም። ሬሳውም አልተገኘም።

ዘፈኑ «ብትጠሪኝ እመጣለሁ» የሚለው ስንኝ ላይ ደረሰ...

«ብትጠሪኝ አልመጣም...»

ድርቤ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ምን አለ?»

«አልመጣም ነዋ!» አዚዛ ሳቀች። «ድሮም እንዲሁ ነው'ኮ፣ አዴ ድርቤ።»

አልነበረም።

ዘፋኙ ጉሮሮውን ጠረገ... ሁለት ጊዜ። ጉሉማ ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው።

«ድርቢቱ...»

እንዲህ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነበር።

«በርዶኛል...»

ዘላ ሬዲዮውን ከሶኬቱ ነቀለችው።

ጸጥ።

ከዚያ... ደጅ ከቆመው ባጃጅ ውስጥ፣ ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ።

ፊት ለፊት ካለው ጁስ ቤትም ተሰማ።

ሚዜዎቹም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ ብለው ተቀበሉት።

«በርዶኛል... መንገዱ ጠፍቶኛል...»

«በፈጠራችሁ!» ድርቤ ክንዳቸውን እየያዘች ለመነቻቸው። «እሱ ነው! ጉሉማ ነው! የት እንዳለ ጠይቁልኝ!»

«አመመዎት እንዴ?» አለች አንደኛዋ በሹክሹክታ።

«ዘፈን ነው'ኮ» አለች አዚዛ። «ሲያምር... አያረጅም።»

«ጉሉማ... የት ነህ?»

ዘፈኑ በሁሉም ቦታ እኩል ቆመ።

ድርቤ ወዴት ትሮጣለች? ለማንስ ትናገራለች? ሙሽራይቱ ደግሞ አሥር ሰዓት ሠርጓ ላይ መድረስ አለባት።

እንባዋን ጠርጋ ማበጠሪያዋን አነሳች።

ማበጠሪያው ፀጉሩ ውስጥ ያዘባት። ሳብ አደረገችው...

ከአዚዛ ፀጉር ውስጥ እርጥብ ቀይ አፈር ነጩ ፎጣ ላይ ረገፈ።

ደግማ አበጠረች።

አሁንም አፈር...

አዚዛ መስታወቱ ውስጥ ፈገግ እንዳለች ናት። አፈሩ ጉልበቷ ላይ እየተቆለለ ነው... የድርቤ እጅ ግን ማበጠሩን አላቆመም።