የሰዓት ሠሪው ቀኝ ዓይን

ሰዓት ሠሪው የሞቱት ዕድሜ ልካቸውን በሠሩበት ወንበር ላይ ነው። ግንባራቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ወፍራሙ መነጽራቸው ፊታቸው ላይ አለ፤ ከእጃቸው አጠገብ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ተጋድማለች። መደርደሪያው ላይ ሁለት ቡናማ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ የሳል መድኃኒት፣ ሌላው ብረት የሚታጠብበት መርዛማ ፈሳሽ። ክዳኑ የተከፈተው የመርዙ ነበር።

ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ አፍ ጠርሙስ ተሳስተው ነው አለ። መርማሪዋ የተጠራችውም ለወጉ ያህል ነው። አጭር፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እማማ ቀስ» ይሏታል። ሱቁ ገና ለደንበኛ አልተከፈተም ነበር፤ በሩም አልተሰበረም። ቁልፉ ያላቸው ሴት ልጃቸው፣ ወንድ ልጃቸውና ፎቅ ላይ የሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው ብቻ ናቸው።

መርማሪዋ መነጽሩን አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው። መስተዋቱ ተወልውሏል፤ የእግሮቹ መታጠፊያ ግን አቧራ እንደጠጣ ነው። ቀጥላ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ተከፍቶ የተቀመጠ አሮጌ የኪስ ሰዓት አየች። ውጪው የድሮ ብር ነው፤ ውስጡ ግን ከየትም የሚገዛ ርካሽ ማሽን። መሳቢያውን ሳበችው። የሽማግሌው የዓይን ማጉያ ከነማኅደሩ እዚያ አለ፤ ከሥሩ ያሉትን የደንበኞች ሰዓቶች አንድ በአንድ ስትከፍታቸው ሁሉም እንደዚያው ሆነው አገኘቻቸው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሴት ልጃቸውን ነው። አባቷን እጃቸውን ይዛ ስትመራ የኖረች ናት። ግራ ዓይናቸውን በወጣትነታቸው የብረት ፍንጣሪ እንዳጠፋው፣ ቀኙን ሞራ ሲጋርደው ሱቁን ወንድሟ እንደተረከበ ነገረቻት። በቅርቡ ሐኪም ቤት ወስዳቸው ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገብቶላቸዋል። ወንድሟ በዚህ ዕድሜው ዓይኑን ምን አስነካው ብሎ ተቆጥቶ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሥራውን ቤቱ እየሠራ አንድም ቀን መጥቶ አልጠየቃቸውም። ዛሬ ጠዋት ጠብታቸውን አድርጋላቸው ዳቦ ልትገዛ ወጣች፤ ስትመለስ ሞተው አገኘቻቸው።

ጡረታ የወጡ ሾፌር የሆኑት አጎት ኀዘኑ መሐል እንኳ ቀልድ አላጡም።

«ትናንት በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከመንገዱ ማዶ እጄን እስኪያመኝ አውለበለብኩለት፤ እንደ ግንብ ዝም አለኝ። ስጠጋ ደግሞ ስላጭ የሳትኳትን አንዲት ፀጉር አገጬ ላይ አይቶ ሳቀብኝ። ጋዜጣዬን ነጥቆም ያለ መነጽር አነበበልኝ።»

ወንድ ልጃቸው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተለካ ሰው ነው። ዛሬ ሱቁ ውስጥ እንዳልገባ፣ ለደንበኛ ሰዓት ሊያደርስ በማዶ በኩል እንዳለፈ ተናገረ።

«ገና ከአውቶቡስ ስወርድ አባባ በመስኮት አየኝና እጁን አነሳልኝ። ምን ያደርጋል፣ ሩቁ ታየው እንጂ ቅርቡ መች ታየው። ዓይኑን የተሠራ ሰው ለማንበብ መነጽር አይቀርለትም አሉ።»

መርማሪዋ አመስግናው በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሄደች። ሐኪሙ ሌንሱ ከመግባቱ በፊት መጠኑ እንደሚመረጥ አስረዳት። አብዛኛው ሰው ሩቁን የሚያሳየውን ይመርጣል፤ ለንባብ መነጽር ያደርጋል። ሰዓት ሠሪው ግን ቅርቡን የሚያሳየውን ነው የመረጡት።

«ከጠረጴዛቸው ማዶ ያለው ሁሉ ይደበዝዝባቸዋል» አለ። «ያንን ወፍራም መነጽር ቢያደርጉት ደግሞ ጠረጴዛቸውም ይደፈርስባቸዋል። አውልቀው እንዲጥሉት ነግሬያቸዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህንን ራሳቸው አላደረጉትም» አለች። «ሳያደርጉት ነው አጥርተው የሚያዩት። የጠርሙሱን ጽሑፍም ባዶ ዓይናቸው ይበቃው ነበር። እንግዲህ መርዙን ሌላ ሰው ቀዳላቸው፤ ከሞቱ በኋላ ስሕተት እንዲመስል መነጽሩን ወልውሎ ፊታቸው ላይ ሰካ። ልጃቸው ሌንሱ ሲመረጥ አብራቸው ነበረች። አጎትም ያለ መነጽር ሲያነቡ አይተዋል። ከሁለቱ አንዳቸውም ይህን አይሠሩትም።»

ወንድ ልጁ ፈገግ ለማለት ሞከረ። መርማሪዋ ወደ እሱ ዞረች።

«ከአውቶቡስ ስትወርድ አዩኝ አልክ። ያ ዓይን ማዶ የቆሙትን ወንድማቸውን እንኳ አልለየም። ሩቅ ነበርኩ ያልከው ቅርብ ስለነበርክ ነው። ውስጣቸውን አውጥተህ በርካሽ የተካሃቸውን እነዚህን ሰዓቶችም አባትህ ከፍተው አይተዋቸዋል።»

«ቅርቡ እንደዚያ ከታየው» አለ፣ የተለካው አነጋገሩ ተናግቶ፣ «ማጉያውን ዓይኑ ላይ ምን አስደቀነው ታዲያ?»

«የሰዓት ጥርስ ያለ ማጉያ ለማንም አይታይም። እኔ ግን ማጉያውን ያገኘሁት ማኅደሩ ውስጥ፣ መሳቢያው ውስጥ ነው። አንተ መቼ ነው ዓይናቸው ላይ ያየኸው?»

አጎት ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ወንድ ልጁ ሳይጠየቅ ተናገረ። ሽማግሌው አልጮሁበትም። ደንበኞቹን አንድ በአንድ ጠርቼ እነግራቸዋለሁ፣ አንተም አጠገቤ ትቆማለህ ነበር ያሉት። ወዲያው ሳል አጣደፋቸው፤ ማጉያውን አውልቀው ወደ ማኅደሩ መለሱና መድኃኒቱን ቅዳልኝ አሉት። ከልጃቸው እጅ ተቀብለው፣ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

እህቱ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ሐኪሙ ሩቁን ይምረጡ ብሎ ለምኖት ነበር» አለች። «እሺ አላለም። ልጄ ብቻውን ደከመ፤ ሩቁ ይቅርብኝ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ላግዘው አለ።»

ወንድሟ ቀና አለ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትነግሪው ብሎኝ ነዋ። ሲመጣ እኔው ራሴ አሳየዋለሁ ብሎ።»

ወንድሟ አጠገቡ ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ የአባቱ ወንበር ነበር። መርማሪዋ ተነሣ አላለችውም። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሊገባ ሲል በእጇ ምልክት አስቆመችው።