«አትቸገሩ» ያለችው መምህርት

በ፳፻፲፪ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር አጋማሽ፣ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ሐይቆች በረዶ ሆነው ሰው መኪናውን በላያቸው በሚያቆምበት በዚያ ብርቱ ክረምት፤ መምህርት ኢሽራቅ ሙዘይን ከሩቅ ምሥራቅ በመጣ አውሮፕላን ደርሳ፣ በእናቷ በወይዘሮ ኡሙሃኒ ደጃፍ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛ ቆመች። ሻንጣዋ ያነሰችበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ የመጣችው በቻይናውያን የዘመን መለወጫ ዕረፍት እናቷን አይታ ልትመለስ ነበርና። ካፖርቶቿ፣ መጻሕፍቷና ስሟ በቻይንኛ የተጻፈበት የሙቅ ውሃ ፔርሙዟ፣ ሺያን በምትባለው ከተማ በመምህራን ክፍል መደርደሪያ ላይ ቀርተዋል።

ሺያን የጥንት ነገሥታት መናገሻ የነበረች፣ እስከ ዛሬም ድረስ ግንብ የከበባት ከተማ ናት። ኢሽራቅ እንግሊዝኛ ልታስተምር እዚያ በገባችበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ሕዝቡ እንደ እንግዳ ንጉሥ ቆሞ ሲያያትና ፎቶ ሲያነሳት፣ እርሷም ባይተዋርነቱ አንጀቷን ሲበላው ከረመች። ቀትር በሆነ ጊዜ መምህራኑ ሁሉ ጠረጴዛቸው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ይተኛሉ፤ እርሷ ብቻዋን እንደ ዘበኛ ነቅታ ትቀመጣለች። ራሷን ቢያማት ሙቅ ውሃ ጠጪ ይሏታል፤ ብርድ ቢመታት ሙቅ ውሃ፤ እናቴ ናፈቀችኝ ብትልም ያው ሙቅ ውሃ ነው። መቼም ሰው ይለመዳል፤ ፀደይ ሲገባ እርሷም ክንዷን ተንተርሳ ከሁሉም ቀድማ የምታንኮራፋ ሆነች።

የልቧ ማረፊያ የተገኘው ግን በእስላሞች ሰፈር ነበር። በዚያ የበግ ሾርባና በእጅ የተጎተተ ፓስታ እየሠሩ የሚሸጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ወይዘሮ ማ ይባላሉ፣ ልጃቸው ሩዪም የኢሽራቅ ክፍል አለቃ ናት። ወይዘሮዋ ሻሿን አይተው «አሰላሙ ዐለይኩም» ባሏት ቀን ኢሽራቅ እንባዋ መጣ። ሳህኗ ሲጎድል ሊጨምሩላት ይነሳሉ፤ እርሷ «አይ፣ አትቸገሩ» ትላለች፤ እርሳቸው ይጨምራሉ። ደግሞ ትላለች፤ ደግመው ይጨምራሉ። በእናቷ አገር በወሎ እንግዳ የሚስተናገደው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ባለቤቱ በአላህ ብሎ ይለምነዋል፣ በሦስተኛው እሺ ይላል። ኢሽራቅ ከእናቷ ጉያ ሆና በልጅነቷ ወደ ሚኔሶታ ብትመጣም፣ ይህን ወግ ውቅያኖስ አላስረሳትም። ሴትዮዋም ያንኑ ወግ ከእናታቸው የተማሩ ነበሩና፣ ማንም ለማንም ሳያስረዳ ተግባቡ።

ዕረፍቱ ሳያልቅ ግን ዓለም በወረርሽኝ ተመታች፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፤ በመጋቢትም ቻይና ለውጭ አገር ሰዎች በሯን ዘጋች። መምህርት ኢሽራቅ በሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ በሆፕኪንስ ባለው አፓርታማቸው፣ የመኝታ ክፍሏን ግድግዳ አስጸድታ፣ በየምሽቱ በአንድ ሰዓት ኮምፒዩተሯ ፊት እየተቀመጠች፣ በዚያ ጠዋት የሆነላቸውን ልጆች ታስተምር ጀመር። እናትና ልጅ ያሉበት ቤት ነው፤ አባቷ አቶ ሙዘይን ካረፉ ሰንብተዋል። ወይዘሮ ኡሙሃኒ በዚህ ሁሉ ጭንቅ መካከል አንድ ደስታ ነበራቸው፤ ልጃቸው ቤት ቀርታለች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ባዶ ሙቅ ውሃ ስትጠጣ እያዩ። «ግን ቆይ፣ ያምሻል እንዴ? ሻይ ቅጠል እኮ አለ።»

«ደህና ነኝ እማዬ። ለምጄው ነው።»

«በቀንስ የምትተኚው?»

«እሱም እዛ ነው የለመድኩት።»

«እዚህ ጆብ ስትይዢ ይተውሻል» አሉ ወይዘሮዋ፤ ልጃቸው በሆፕኪንስ ትምህርት ቤት ስትቀጠር፣ ቅዳሜ ቅዳሜም አብረው ገበያ ሲወጡ በሐሳባቸው እየታያቸው።

ወይዘሮ ኡሙሃኒ ብሉሚንግተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠሩ ነበር። በዚያ ወራት የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ በአገሩ ጠፍቶ ነበርና፣ አንዲቷን እያጠቡ፣ በማሞቂያው ላይ እያደረቁ፣ መልሰው እያደረጉ ይሄዳሉ። ወሬው በተማሪዎች በኩል ሺያን ደርሶ ኖሮ፣ ወይዘሮ ማ በልጃቸው እጅ አስጽፈው መልእክት ላኩ፤ መሸፈኛ እንላክልሽ ወይ? ኢሽራቅ የመለሰችው እንዳደገችው ነው፤ «አትቸገሩ፣ አለን።» ረመዳን ሊገባ ሲል አንድ ትልቅ ሣጥን በራቸው ላይ ተገኘ። ከላይ እስከ ታች መሸፈኛ ነበር፤ በመካከሉም ወይዘሮዋ በላስቲክ የጠቀለሉት ቴምር ተሸጉጧል።

ወይዘሮ ኡሙሃኒ ሣጥኑን ይዘው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «አለን አላልሻቸውም?»

«ብዬ ነበር።»

«እና ላኩ?»

«ላኩ።»

እናቲቱ ያን ቀን ለሶላት ከተንበረከኩበት ምንጣፍ ቶሎ አልተነሱም።

በግንቦት መባቻ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የውጭ ጉዳይ ክፍል ኀላፊ ከወይዘሪት ሼን በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት መጣ፤ ለመጪው ዓመት ቦታሽን እንድንይዝልሽ ትፈልጊያለሽን? የመግቢያ ፈቃዱ ብዙ ደጅ መጥናት ይጠይቃል። ኢሽራቅ ቦታዋን እንደምትፈልግ ከራሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ፔርሙዟ እንኳ መደርደሪያው ላይ ይጠብቃታል። ነገር ግን ደጅ መጥናት የሚለው ቃል አሳፈራት፤ እናም «ስለ እኔ ብላችሁ አትቸገሩ» ብላ ጻፈች፤ «ኧረ ምን ችግር አለው» እስኪሏትም ተቀምጣ ጠበቀች። እንግሊዝኛ ግን ደረቅ ቋንቋ ነው፤ በዚያ ላይ ወይዘሪት ሼን ፈጣን ሠራተኛ ነበሩ። በማግስቱ መልስ መጣ፤ ውሳኔሽን እናከብራለን፤ የስንብት ክፍለ ጊዜ እናዘጋጅልሻለን።

ኢሽራቅ ይህን አነበበች። እንደገና ጽፋ «ፈልጌ ነበር እኮ» እንዳትል፣ ልመና መስሎ ታያት፤ ይሉኝታዋ ያሰራት እዚህ ላይ ነው። ለእናቷ «ኮንትራቱ አለቀ» ብላ አለፈችው። ወይዘሮ ኡሙሃኒ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ይሁን እንጂ ልጃቸው ቀትር ላይ መተኛት እንደተወች፣ ውሃዋም ሳይነካ እንደሚቀዘቅዝ አስተዋሉ።

የስንብቱ ቀን ግንቦት ሃያ ላይ ዋለ። ያ ቀን በአገር ቤት ብዙ የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ በሚኒያፖሊስ ግን ከዚያ ወዲህ በሌላ ምክንያት የሚታወስ ሆነ። ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ከተማዪቱ በሐዘንና በቁጣ ታምሳ፣ በሌክ ጎዳና ላይ እሳት ይነድ ነበር። ሆፕኪንስ ሩቅ ነውና ጭሱ አልደረሰም፤ የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ግን ይሰማ ነበር።

በዚያው ምሽት በአንድ ሰዓት፣ ወይዘሮ ኡሙሃኒ ከጥቂት ቀናት በፊት ለዒድ የለበሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ የመሸፈኛውን ባለውለታ ሊያመሰግኑ ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። በሺያን ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ነበርና፣ ልጆቹ በክፍላቸው ተሰልፈው፣ ወላጆችም በስተኋላ ቆመው ታዩ። የክፍሉ አለቃ ሩዪ «ተነሡ!» አለች፤ ሁሉም ተነሡ።

«መምህርታችን» አለች ሩዪ፣ የተጠናውን የስንብት ቃል ትታ፤ «ከተማዎ ይቃጠላል ይላሉ። ደኅና ነዎት? ለምን ወደ እኛ አይመጡም?»

በጥር የኢሽራቅ እናት ስለ ቻይና ፈርተው እንቅልፍ አጥተው ነበር፤ አሁን ቻይና ስለ ሚኒያፖሊስ ፈርታ ትጠይቃለች። ኢሽራቅ ደኅና መሆናቸውን ነገረቻቸው፤ እሳቱ ከእነርሱ ሩቅ እንደሆነም አስረዳች።

ርእሰ መምህር ዲንግ፣ ጠጉራቸው የነጣ፣ ንግግራቸው የረጋ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ ካሜራው ቀርበው ጎንበስ አሉና በወይዘሪት ሼን አስተርጓሚነት ተናገሩ። «የተከበሩ እናት ሆይ፤ እንዲህ ያለች መምህርት ስላሳደጉልን እናመሰግናለን። ትታን በመሄዷ አዝነናል፤ ነገር ግን ውሳኔዋን አክብረናል።»

ኢሽራቅ ለእናቷ መተርጎም ነበረባት። «እናመሰግናለን... አዝነናል ይላሉ።»

«ሌላም ብለዋል። የምን ማዘን ነው?»

«በመሄዴ። በውሳኔዬ።»

«የምን ውሳኔ? ኮንትራቱ አለቀ አላልሽኝም?»

ኢሽራቅ አንገቷን ደፋች። «ቦታሽን እንያዝልሽ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አትቸገሩ አልኳቸው።»

«እነሱስ?»

«ኦኬ አሉ።»

ወይዘሮ ኡሙሃኒ ዐይናቸውን አፈጠጡ። «ስንት ጊዜ ጠየቁሽ?»

«አንዴ።»

«አንዴ! አንዴ ተጠይቆ የሚሰጥ መልስ አለ እንዴ? ወላሂ እነዚህ ሰዎች አንቺን አያውቁሽም።»

ከጥር ጀምሮ በየሶላቱ የለመኑት ነገር በእጃቸው ገብቷል፤ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ቢቀመጡ ልጃቸው የእርሳቸው ናት፤ ቅዳሜም ገበያ አብረው ይወጣሉ። ዐይናቸው በጠረጴዛው ሥር ወዳለው ሣጥን ሄደ፤ ከሣጥኑም በማያ ገጹ ጥግ ቆመው እጃቸውን ወደሚያወዛውዙት ባለ ሻሿ ወይዘሮ ማ ተመለሰ።

«ንገሪያቸው» አሉ። «እኔ እንደምልሽ፣ ሳታሳጥሪ።»

«እማዬ፣ አፍራለሁ።»

«እፈሪ። ልጄ አትቸገሩ ስትል እሺ አይባልም በያቸው። እኛ ዘንድ አትቸገሩ ማለት አንድ ጊዜ እንደገና ጠይቁኝ ማለት ነው። ያች ማስክ የላከችልን ሴት ገብቷታል። እርሷን ይጠይቁ።»

መምህርት ኢሽራቅ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ስለ ራሷ የተባለውን ሁሉ ሳትቀንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰች። ወይዘሪት ሼን ወደ ቻይንኛ ሊመልሱ ጀምረው፣ ከመካከሉ ላይ የራሳቸውን መልእክት ያስታወሱ መሰሉ፤ ድምፃቸው ቀነሰ። ሳይጨርሱ ወይዘሮ ማ ከኋላ ጭናቸውን መትተው ሳቁ። ርእሰ መምህሩ ዘወር ብለው አዩአቸው፤ ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ጠረጉ።

«ነፍሷን ይማርና እናቴም እንዲሁ ነበረች» አሉ። «ወይዘሪት ሼን፣ እንደ ወጉ ይጠይቋት።»

ወይዘሪት ሼን ጠየቁ። ኢሽራቅ «ኧረ እንዳት...» ብላ አፏን ስትከፍት፣ የእናቷ ክርን ጎኗን አገኘው። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ራሳቸው ወደ ካሜራው ተጠግተው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቃል በቃል እየለቀሙ ጠየቁ፤ «መምህርት ኢሽራቅ፣ ቦታዎን እንያዝልዎ?»

«አዎ» አለች፤ ደግማም «አዎ፣ እፈልጋለሁ» አለች። ልጆቹ ጠረጴዛቸውን ደበደቡ፤ ለስንብት የተጻፈው ጽሑፍም ተጠቅልሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ኢሽራቅ ስንት ሳምንት ጨምቆ የያዛት ነገር ለቀቃት፤ እንዲህ ቀለል ብሏት እንደማያውቅም አወቀች።

ማያ ገጹ ከጠፋ በኋላ እናቷን አየቻቸው። «ለምን እማዬ? እዚህ እንድቀር አይደል ዱዓ የምታደርጊው?»

ወይዘሮ ኡሙሃኒ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ዱዓ ያደረግኩት እዛ ሰው የሌለሽ መስሎኝ ነው። አትቸገሩ እያልሻቸው የሚቸገርልሽ ካለ፣ ሰው አለሽ ማለት ነው።» ይህን ብለው ጥቂት አለቀሱ፤ ልጅቱም አለቀሰች፤ ከዚያ ሙቅ ውሃ አፈሉና ሁለቱም ጠጡ። ወይዘሮዋ ምንም ጣዕም የለውም አሉ፤ ነገር ግን ጨረሱት።

በሩ እስኪከፈት ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ፤ ኢሽራቅም ያን ሁሉ ጊዜ ከሆፕኪንስ አስተማረች። በ፳፻፲፭ መጀመሪያ በአውሮፕላን ማረፊያው ሲሰነባበቱ፣ እናቷ አንድ ከረጢት በሶ አንስተው «ይህን ልጨምርልሽ?» አሏት። «እሺ» አለች ኢሽራቅ ወዲያውኑ። ወይዘሮ ኡሙሃኒ ክፉኛ ደነገጡ። «አንዴ ስጠይቅሽ? ቻይና አበላሸችሽ!» አሉና፣ እየሳቁ ሻንጣው ውስጥ አስገቡት።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ተዘጉ ድንበሮች፣ ስለ ሌክ ጎዳና እሳት፣ አገር ለአገር ስለ ተነቃቀፉ መንግሥታት ጻፉ፤ ጽሑፋቸውም እውነት ነው። በሆፕኪንስ አንዲት እናት የምትመኘውን በእጇ ይዛ ሳለ እንደ ለቀቀችው ግን የጻፈ የለም። በሺያን በዚያ ትምህርት ቤት፣ ርእሰ መምህር ዲንግ ጡረታ ከወጡ በኋላም፣ የውጭ አገር መምህር ሁሉ ኮንትራቱን ያድስ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ አዲሶቹ መምህራን የአገሩ ወግ ይመስላቸዋል።