የሚስጥር ቃላችንን የሚያውቅ ድምፅ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የምጽፈው በራሴ የደረሰውን ነው።

ህዳር ነበር። እሁድ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት። ሆላንድ ሰሜን ጫፍ፣ ዴልፍዘይል፣ እናቴ ቤት።

ፈና እባላለሁ። ስራዬ የስልክና የኢንተርኔት አጭበርባሪዎች ሰዉን እንዴት እንደሚያታልሉ ማጥናት ነው። የሰው ሳጠና የራሴን ረሳሁ...

እናቴ አልቲየ አይኗ ከደከመ ቆይቷል። ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ስለዚህ ባለፈው ወር "እኔን መስሎ የሚደውል ካለ ጠይቂው" ብዬ የሚስጥር ቃል እንድትመርጥ አደረግኳት።

"ጎመን ይሁን" አለች። "ሌባ ጎመን አይሰርቅም።"

ሳቅን። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ አጠገባችን ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

የዚያን እሁድ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል።

"እንደ ቁራ ሆነሻል እኮ!" ብላ ቀለደችብኝ። አንድ ብስኩት ሰጥታኝ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደነችው።

ስልኳ ጠራ። እንደ ልማዷ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሳችው።

"እማ... እኔ ነኝ፣ ፈና።"

የኔ ድምፅ ነበር። ጉንፋን ያልነካው፣ ጥርት ያለው የኔ ድምፅ።

"አጭበርባሪ ነው" አልኳት በሹክሹክታ። "ቃሉን ጠይቂው።"

"ቃሉስ?" አለች።

"ጎመን።"

ክው አልኩ።

አጭበርባሪ ሁሌም የሚፈልገው ነገር አለ። ገንዘብ... የባንክ ቁጥር... ይሄኛው ግን ምንም አልጠየቀም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"እማ፣ ቤት ውስጥ ሰው አለ እንዴ?" አለ።

"አለች... ፈና ነኝ የምትል" ብላ መለሰችለት እናቴ።

"እማ፣ እኔ እኮ ነኝ! ጎመን! ይኸው ጎመን!" አልኳት በተዘጋው ድምፄ።

"እሱንማ አሁን ሰማሽው" አለችኝ።

እጇን ይዤ ፊቴን ላስነካት ስል ጮኸች። የገዛ እናቴ... እኔን ፈርታ ጮኸች።

"ውጪልኝ! ከቤቴ ውጪልኝ!"

ልቧ ደካማ ነው። አንድ ነገር ትሆንብኛለች ብዬ ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ቆለፈችው።

እዚህ አገር መጋረጃ የሚዘጋ የለም። በመስኮቱ ትታየኛለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ወንበሯ ላይ ኩርምት ብላ ታዳምጣለች። ብቻዋን ነው ከዚያ ነገር ጋር የተውኳት።

ፖሊስ ጋ ልደውል ስልኬን አወጣሁ።

ቀድሞኝ ጠራ።

ስክሪኑ ላይ "እማ" ይላል። አነሳሁት።

"ልጄ..." አለችኝ፣ በዚያ በለመድኩት ለስላሳ ድምፅ። "ተሳስቼ ነው፣ ይቅር በይኝ። ነይ ግቢ። እየከፈትኩልሽ ነው።"

በመስኮቱ አየኋት።

ከወንበሯ አልተነሳችም። አፏ ግጥም ብሏል።

የበሩ ቁልፍ ከውስጥ... ቀስ ብሎ ዞረ።

እናቴም ሰማችው። ደንግጣ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።