የግራው እጅጌ

«የግራው እጅጌስ?» አለች እናቷ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከስፌት መኪናው ሥር እጇን ሰዳ እየዳበሰች። «ቀኙ ይኸው። ጀርባው ይኸው። የግራውን ምን ዋጠው?»

ድንቢጥ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ የደብተር ቦርሳዋን እንዳነገተች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ድንቢጥ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ስትወለድ ከማነሷ የተነሳ እናቷ ያወጣችላት ቅጽል ነው፣ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም አልለቀቃትም። በዚያች ደቂቃ ግን የእውነት ድንቢጥ ሆና በመስኮቱ በርራ ብትጠፋ ደስ ባላት።

«የቱ እጅጌ?» አለች፣ እያወቀች።

«የነርሷ ቀሚስ ነዋ! ቢጫው ሳቲን። ነገ የእህቷ ሠርግ ነው፣ ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ልትወስደው ትመጣለች። ጨርቁ ደግሞ ቢፈለግም አይገኝም።»

ድንቢጥ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

በዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለ ጨርቅ የደንበኛ ነው፣ በዓይን እንጂ በእጅ አይነካም። ወለሉ ላይ የወደቀ ቁራጭ ግን የድንቢጥ ነው። ስንት አሻንጉሊት፣ ስንት የፀጉር ማስያዣ የተሠራው በዚህ ሕግ ነው። በዚህ ሳምንት ደግሞ የሥዕል መምህሩ የክፍሉን መስኮቶች ለጸደይ ውድድር በእጅ ሥራ እንዲያስጌጡ አዝዟቸው ነበር። «ሳንቲም ያወጣ ሰው እንዳላይ!» ብሏል። ሌሎቹ ከእንቁላል ካርቶን ወፍ፣ ከጠርሙስ ክዳን ቢራቢሮ ሲሠሩ ድንቢጥ የጨርቅ አበባ ሠራች። ሳቲኑን ክብ ክብ አድርጋ ትቆርጣለች፣ ጠርዙን ወደ ሻማ ነበልባል ጠጋ ስታደርገው ራሱ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ደራርባ ትሰፋና መሐሉ ላይ አሮጌ ቁልፍ ታኖርበታለች።

ቢጫ ብቻ ነበር የጎደላት። ትናንት አመሻሽ ላይ እናቷ ልብስ ለማስጣት ስትወጣ በተከፈተው መስኮት ንፋስ ገባና ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቢጫ ጨርቅ ወለሉ ላይ ጣለ። ድንቢጥ አነሳችው። ለቁራጭ ትልቅ ነበር። ጠርዙ ላይ ደግሞ እናቷ የልብስ ክፍል ስትለካ የምታሰምረው የጠመኔ መስመር አለው። ቁራጭ የጠመኔ ምልክት እንደሌለው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች። «ወለል ላይ ነው ያገኘሁት» አለች ለራሷ። ጠመኔውን በአውራ ጣቷ አሸችና መቀሱን አነሳች።

እናቷ አሁን ከወለሉ ተነሳች። ድንቢጥ «አንቺ ነሽ?» የሚለውን ቃል ጠበቀች። ቃሉ ግን አልመጣም። እናቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው።

«ቆርጬዋለሁ ብዬ እምል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ወይስ ጨርቁ ሳይበቃኝ የቆረጥኩ መስሎኝ ነው?»

ድንቢጥ ቻው እንኳን ሳትል ወጣች።

ትምህርት ቤት፣ ሌሊቱን ሰፍታ በቦርሳዋ ያመጣቻቸው ቢጫ አበቦች ከሌሎቹ አበቦቿ ጋር መስኮቱ ላይ ተሰቀሉ። መምህሩ ከፊታቸው ቆሞ «ይሄ ነው ሥራ! ነገ ዳኞቹ ሲመጡ መጀመሪያ የማሳያቸው ይህንን ነው» ሲል ክፍሉ አጨበጨበ። ድንቢጥ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለቻት ጓደኛዋ። ወሬ ስለማይቋረጥባት «ራዲዮ» ነው የሚሏት።

ድንቢጥ በሹክሹክታ ነገረቻት።

«ታዲያ ጠየቀችሽ?»

«አልጠየቀችኝም።»

«አበቃ! ዝም በያ። ራሷ አይደለች እንዴ ረስቼ ይሆናል ያለችው?»

«እናቴ እኮ ነች።»

«እሺ፣ ንገሪያትና ቆዳሽን ትግፈፈው። እኔ የለሁበትም።»

ድንቢጥ ቀኑን ሙሉ የራዲዮን ምክር ስታመነዥክ ዋለች። ዝም ማለት ውሸት አይደለም፣ ማንም አልጠየቃትም። ወደ ቤት ስትመለስም ዝም ለማለት ቆርጣ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። እናቷ ከአክስቷ ጋር በስልክ እያወራች ነው።

«አዎ፣ የስፌት መኪናውን የሚገዛ ሰው ካገኘሽ... አይ፣ ቀልዴን አይደለም። ዓይኔ ከዳኝ። መርፌው ላይ ክር የምታስገባልኝ ልጄ ከሆነች ቆየ። ዛሬ ደግሞ ያልቆረጥኩትን ቆረጥኩ አልኩ። ነገ የሰው ልብስ ባበላሽስ?»

ድንቢጥ በሩን ለመግፋት የዘረጋችውን እጇን መለሰች። እስካሁን የፈራችው ቁጣውን ነበር። ይኼኛው ፍርሃት ሌላ ነው። እናቷ ያንን መኪና ስታጣ፣ በደህና ዓይኗ ታውሬያለሁ ብላ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ ታያት። ሳትገባ ዞረችና ሮጠች።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ክፍሎቹን እየቆለፉ ነበር።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይጠብቁኝ!»

ወንበር ላይ ወጥታ ቢጫዎቹን አበቦች አንድ በአንድ ማውረድ ስትጀምር ዘበኛው ግራ ገባቸው። «ነገ አይደለም እንዴ ውድድሩ? የራስሽን ሥራ ለምን ታወርጂዋለሽ?»

«የእኔ አይደሉም።»

«የማን ናቸው ታዲያ?»

«የደንበኛ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንባዋም አብሮ መጣ።

ቤት ስትደርስ እናቷ መነጽሯን አውልቃ ባዶ እጇን ተቀምጣለች። ከአበቦቹ አንዱ ላይ፣ ከቁልፉ አጠገብ፣ በአውራ ጣቷ አሽታ ያላጠፋችው ቀጭን የጠመኔ መስመር ነበር። ድንቢጥ አበቦቹን ከቦርሳዋ አወጣቻቸው። ወለሉ ላይ አይደለም፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

በሩ ተንኳኳ።

«ነርሷ ናት። ምን ልበላት?» አለች እናቷ እየተነሳች።

ድንቢጥ ክንዷን ያዘቻት። «ቆይ እማዬ፣ አትክፈቺ። መጀመሪያ መነጽርሽን አድርጊ» አለች፣ ጠመኔ ያለበትን አበባ ወደ እናቷ እየገፋች።