ትንፋሽ የወሰደው ውሃ

የኪሙታይ ታላም ፊት በድንጋይ ተቀጥቅጦ ስለነበር ወንድሙ የለየው በጫማው ነው። ሬሳው በኬሪዮ ሸለቆ፣ ከእናቱ ቤት ጀርባ ካለው ግራር ሥር ተዘርግቷል። ድንጋዩም እዚያው ነበር፤ ፀጉርና የጥርስ ስባሪ ተጣብቆበታል። ኢንስፔክተር ጄሊሞ ጎንበስ ብላ ቁስሉን መረመረች።

«ሰባት ጊዜ፤» አለች። «ለመግደል እኮ አንዱ ይበቃው ነበር።»

ታላም አውሮፓ ለሚደረግ ማራቶን ሊሄድ አምስት ቀን የቀረው ሯጭ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ከእናቱ ጋር ምሳ በልቶ ወጣ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኘ። የመንደሩ ሰው ገዳዩን ለማወቅ ፖሊስ አልጠበቀም። በዚያ ቀን ከገደሉ አናት፣ ከሯጮቹ ካምፕ፣ ወደ ሸለቆው የወረደው የአሰልጣኝ ባርሶሲዮ ፒካፕ ብቻ ነው። ጄሊሞ ፒካፑ ዘንድ ስትደርስ ሰዎቹ ሽማግሌውን አሰልጣኝ መሬት ላይ ጥለው በዱላ ይወግሩታል። ሽጉጧን ወደ ሰማይ ተኩሳ አስጣለችው።

«እንደ ልጄ የማየውን ሯጭ ገድለውብኝ እኔኑ ይገድሉኛል!» አለ ባርሶሲዮ፣ ጥርሱን ከነደሙ እየተፋ። «ማንጎ ልጭን ነው የወረድኩት!»

ጄሊሞ ሸሚዙን አየችው። ደረቱ ላይ ከአፉ የተንጠባጠበ ደም አለ፤ እጅጌው ግን ንጹሕ ነው። ሰባት ጊዜ ያን ድንጋይ ያሳረፈ ሰው እጅጌው ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

አመሻሽ ላይ ካምፑ ስትወጣ የታላም አሯሯጭ ቼሴሬም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኝቷል።

«ወባ ነው፤» አላት። «ሦስት ቀን ከዚህ አልጋ አልተነሳሁም።»

«ከታላም ጋር ትዋደዱ ነበር?»

«አራት ዓመት ከፊቱ እየሮጥኩ ነፋስ ከልዬለታለሁ። ከዚህ በላይ ምን መዋደድ አለ?»

ብርድ ልብሱ ሸርተት ሲል ቅልጥሙ ላይ እሾህ የቧጨረው ታየ። ቁስሉ ትኩስ ነው።

«ይሄስ?»

«የልምምድ ነው። የባለፈው ሳምንት።»

ጄሊሞ ወጥታ ወደ ካምፑ ምግብ አብሳይ ወደ ማማ ጄቤት ሄደች።

«አምስት ሰዓት ላይ አጥሚት ሰጥቼው ገበያ ወጣሁ፤» አለች ማማ ጄቤት። «ስምንት ተኩል ስመለስ አንሶላው በላብ ይጨመቃል። ምስኪን!»

«በእግር ሸለቆው ወርዶ መመለስ አይቻልም?»

«በፍየል መንገዱ? ለጤነኛ እንኳ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ደግሞ በሽተኛ ይጠረጠራል እንዴ!»

ጓሮ ባለው ክፍል ዶክተር አኬሎ፣ ሯጮች በቀን ምን ያህል ጉልበት እንደሚያቃጥሉ የምታጠና የኪሱሙ ሴት፣ ስምና ቀን የተጻፈባቸውን ብልቃጦች ትደረድራለች። ሁሉንም የተለየ ውሃ አጠጥታቸው ጠዋትና ማታ ሽንታቸውን ትሰበስባለች።

«የቼሴሬምም አለ?»

«ታሞም አላቋረጠም፤ አልጋው ድረስ ሄጄ እቀበለዋለሁ። የሚለካው ግን ናይሮቢ ነው።»

«ዛሬውኑ ይላኩልኝ።»

ከግድያው በኋላ በአራተኛው ቀን ረፋድ ሁሉም መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። የባርሶሲዮ ጭንቅላት በፋሻ ተጠቅልሏል። የታላም ወንድም በሩ ላይ ቆሟል።

«የጠጣችሁት ውሃ መርዝም ጨረርም የለበትም፤» ስትል ጀመረች ጄሊሞ። «ከባድ ሃይድሮጅንና ከባድ ኦክስጅን ብቻ ነው ያለበት። ሃይድሮጅኑ ከሰውነት የሚወጣው በሽንትና በላብ ነው። ኦክስጅኑ ግን በትንፋሽም ይወጣል። ሰው ጉልበቱን ባወጣ ቁጥር ትንፋሹ ይበዛል፤ ኦክስጅኑም ሃይድሮጅኑን ጥሎት ይሮጣል። የቼሴሬም ኦክስጅን ታላም በሞተበት ቀን ከሁላችሁም ይበልጥ ሮጧል።»

«በትኩሳት አልቦኝ ነው!» ብሎ ጮኸ ቼሴሬም።

«ላብ ቢሆን ሁለቱን እኩል ይዟቸው ይወጣ ነበር። ከተኛህባቸው ሦስት ቀናት በመጀመሪያዎቹ ሁለት በእርግጥ ታመህ ነበር፤ ያኔ ልዩነቱ ጠባብ ነው። በሦስተኛው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሠላሳ ኪሎሜትር ከሮጡት በላይ ተንፍሰሃል፤ አልጋ ላይ ተኝተህ! ስለዚህ ሰዎቼን በፍየል መንገዱ ላክኋቸው። በደም የተነከረ ካናቴራህን ከድንጋይ ሥር አወጡት።»

ቼሴሬም ጠረጴዛውን ገልብጦ የዳቦ ቢላዋ አነሳና ወደ በሩ ተወረወረ። የታላም ወንድም ሊይዘው ሲል ቢላዋው ክንዱን ተረተረው። ጄሊሞ በቆመጧ የቼሴሬምን የእጅ አንጓ መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማው።

«በስልክ ነው የነገረኝ፤» አለ መሬት ላይ እንደተጋደመ። «ሌላ አሯሯጭ እወስዳለሁ አለኝ፣ በስልክ! ፊቱን እያየሁ ልጠይቀው ወረድኩ። ‹አንተ የነፋስ መከለያ እንጂ ሯጭ አይደለህም› ብሎ ሳቀብኝ። እየመታሁት እንኳ የሚስቅ መሰለኝ።»

ባርሶሲዮ እያነከሰ ቀረበውና አጠገቡ ተንበረከከ።

«ከእናቱ ደጅ እስከዚህ ለመውጣት ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?»

«ኮች፣ አሁን ይሄ...»

«ስንት?»

«ሃምሳ ስምንት።»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ።

«ታላም ያን ዳገት ከአንድ ሰዓት በታች ወጥቶት አያውቅም፣ ልጄ፤» አለው።

ቼሴሬም እስከዚያች ደቂቃ አላለቀሰም ነበር።