የበረቱ ቦታ

ባቄላዋ ጣሳው ውስጥ ኳ ብላ ወደቀች።

«አንድ ለ‹ሀ›!» አሉ የነዓይናለም ጎረቤት አያ ይሻው። «ይችን የመሰለች ስንዴ እያለች ምርጫ ምን ያደርጋል? የሰው ትከሻ ልትደርስ እኮ ነው!»

ዓይናለም ከአባቷ ማሳ ራስጌ ቆማ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋለች። ‹ሀ›፣ ‹ለ› እና ‹ሐ› የተባሉት ሦስት አዳዲስ የስንዴ ዘሮች ጎን ለጎን የተዘሩት ሐምሌ ላይ ነው። እውነተኛ ስማቸውን የምታውቀው ከደብረ ታቦር የመጣችው የግብርና ባለሙያ ለተሥላሴ ብቻ ናት፤ ገበሬው ዝና ሰምቶ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ ይምረጥ ተብሎ ነው። ዛሬ ለየዘሩ በተቀመጠው ጣሳ ውስጥ ወንዱ ባቄላ፣ ሴቱ አተር እየጣለ ድምፅ ይሰጣል። ያሸነፈውን ዘር በመጪው ክረምት አርባ አባወራ ይዘራዋል።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ዓይናለም ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ ቁመቱን እየለካች ጽፋለች። በእሷም ደብተር ‹ሀ› አንደኛ ነው። አባቷ አቶ አስማማው ደግሞ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ‹ሀ›ን እንደ ወለዱት ልጅ ለእንግዳው ሁሉ ሲያስተዋውቁ ነው ያረፈዱት።

«‹ሐ›ስ?» አለች እናቷ ፈንታነሽ አተሯን በመዳፏ እንደያዘች። «አጭር ናት እንጂ ዛላዋ ሙሉ ነው።»

«ያች ድንክ?» አሉ አያ ይሻው። «ገለባዋ ለዶሮ ጉዝጓዝ እንኳ አይበቃ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚህ መሃል አንዲት ጥጃ በማሳው ግርጌ ስትገባ ታየች። ዓይናለም ቁልቁል ሮጠች። ጥጃዋን አባርራ ስትመለስ የሆነ ነገር እግሯን ጠለፋትና በጉልበቷ ወደቀች። ሳሩን ገለጥ ብታደርገው መሬት ውስጥ የቀረ የችካል ስባሪ ነው።

አወቀችው። ባለፈው በጋ አባቷ መሬቱ እንዲበረታ ብለው የከብቶቹን በረት እዚህ ማሳ ላይ ተክለውት ነበር። ከብቶቹ ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ ችካል በላይ አድረዋል።

ቀና አለች። ከችካሉ በላይ ያለው ‹ሀ› ደረቷ ይደርሳል። ከችካሉ በታች ያለው ግን፣ ያው ራሱ ‹ሀ›፣ ወገቧ ጋ እንኳ አይደርስም፤ ዛላውም የሳሳ ነው። በገመድ የተለካ ይመስል እዚያው ላይ ተለይቷል። መሃል ያለው ‹ለ› ከላይ እስከ ታች የሳሳ ነው። ወዲያኛው ጫፍ ያለውን ‹ሐ› በረቱ ጨርሶ አልነካውም። አጭር ቢሆንም ከላይ እስከ ታች እኩል፣ ዛላው የሞላ ነው።

እሷ ሁልጊዜ የምትለካው ራስጌውን ብቻ ነበር። ግርጌው ጭቃ ነው፤ ለጫማዋ ሳስታ ወርዳ አታውቅም። አሁን ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ የአባቷም ደስታ አይደፈርስም። ግን አርባው አባወራ ማሳው ላይ በረት አልተከለም።

ችካሉን ነቅላ ሽቅብ ወጣች።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምርጫው ይቁም።»

«ምን ሆነሽ?»

«‹ሀ›ን ያሳደገው ዘሩ አይደለም፤ እበቱ ነው። የዘራነው የበረቱ ቦታ ላይ ነው።» ችካሉን አሳየቻቸው። «እኔም አጥፍቻለሁ። ስለካ የኖርኩት ከላይ ብቻ ነው።»

የአባቷ ፊት ጠቆረ። «በእንግዳ ፊት?» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ወርደው ይዩት። ከዋሸሁ ይቅጡኝ።»

ለተሥላሴ ቀድማ ወረደች፤ ሌላው ተከተለ። አቶ አስማማው የመጨረሻው ነበሩ። ከችካሉ ጉድጓድ በላይ አንድ ዛላ፣ በታች አንድ ዛላ፣ ከ‹ሐ›ም አንድ ቀጠፉ። እያንዳንዱን በመዳፋቸው አሽተው፣ ገለባውን እፍ ብለው፣ ፍሬውን አስተያዩ።

«አስማማው» አሉ አያ ይሻው፣ «እበትህን በስንዴ ስም ልታሸክመን ነበር በለኛ!»

ማሳው በሳቅ ተናጋ። አቶ አስማማው መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ሽቅብ ወጥተው ጣሶቹን አንድ በአንድ ጋቢያቸው ላይ ገለበጡ።

«በሉ እንግዲህ፣ እንደገና!»

የመጀመሪያዋን ባቄላ ‹ሐ› ውስጥ የጣሉት ራሳቸው ናቸው። ፈንታነሽ አተሯን አስከተለች። ከዚያ ባቄላውና አተሩ ‹ሐ› ጣሳ ላይ እንደ በረዶ ወረደ። አያ ይሻው እንኳ «ገለባውን ከሌላ እገዛለሁ» እያሉ ጣሉ። ሲቆጠር ለ‹ሀ› ሦስት ብቻ ቀርቶለታል። ፈንታነሽ እልልታዋን ስታቀልጠው ሴቶቹ ተቀበሏት።

ለተሥላሴ ወደ ዓይናለም ጠጋ አለች። «መሬቱ አምና ምን እንደነበረበት መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጻፊው፤ ስትለኪ የሳትሽውንም ጭምር።»

እንግዳው ሲበተን አቶ አስማማው የችካሉን ስባሪ በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ።

«እና በዚህ በጋ በረቱን የት እንትከለው ትያለሽ?» አሏት። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀዋት አያውቁም።

ዓይናለም ማሳውን አየችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ድንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«ገመድ ይስጡኝና መጀመሪያ እበት ያልደረሰበትን እንለካ» አለች፤ ጭቃው ገና ወዳልደረቀው ግርጌም ወረደች።